የታዳጊ ልጆች አሰለቻቸት በጥንታዊ ሥፍራዎች፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል የተደረገ የመስክ ጥናት

የችግሩ አነሳስ

የአውሮፓ ወላጅ ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ሮም ይወስደዋል። ቬስፓስያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ያስመረቀው ኮሎሲየም ፊት ያቆመውና «ይህ እኮ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው» ይለዋል። ልጁም ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያወጣል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና ለመግቢያ የሚከፈለው ከዓመት ዓመት ቢጨምርም ውጤቱ አይለወጥም። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልማዱን ተቀብለው፣ የፈረንጆቹ በጋ በመጣ ቁጥር ከፊት የተኮሳተረ ልጅ፣ ከኋላ የፈረሰ ግንብ የሚታይበት ፎቶ ለአገር ቤት ዘመድ ይልካሉ።

የዚህ ጥናት ዋና ጥያቄ ይህንኑ ውጤት የውጭ ምንዛሪ ሳይወጣ በአገር ውስጥ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚል ነው። አንባቢን ላለማንጠልጠል መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ ይቻላል። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅና አምባሰል ላይ፣ በብር ይገኛል።

ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ብራናው ብዙ ተጽፏል። ከብራናው ፊት ቆሞ ስለሚያዛጋው ልጅ ግን ብዕሩን ያነሣ ሊቅ እምብዛም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩን በቅርብ ሊከታተል የሚችለው ሰው በዚያ ሰዓት ልጁን እየተቆጣ ነው።

ናሙናና መለኪያ

ናሙናው አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ነው። አመራረጡ በጥናት ቋንቋ «ምቹ ናሙና» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ለአጥኚው ምቹ ያደረገው የሚኒባስ ኪራዩንና ነዳጁን እነሱ መቻላቸው ነው። አጥኚው የአባትየው ታናሽ ወንድም በመሆኑ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሳይጠረጠር ለመታዘብ ችሏል። ለጥናት ሥነ ምግባር ሲባል ልጆቹ ታዳጊ ሀ (ወንድ፣ 16 ዓመት) እና ታዳጊ ለ (ሴት፣ 14 ዓመት) ተብለዋል። አባትና እናት በማዕረጋቸው ይጠራሉ። የአባትየው እናት፣ ትውልዳቸው አምባሰል የሆነ አዛውንት፣ በጥናቱ ንድፍ ላይ አልነበሩም። በጉዞው ዋዜማ «እኔም አገሬን ልይ» ስላሉ ከሻንጣዎቹ አጠገብ ቦታ ተፈልጎላቸዋል።

አሰለቻቸትን ለመለካት ባለ አራት እርከን መሣሪያ ተዘጋጅቷል። አንደኛው እርከን ረጅም ትንፋሽ ነው። ሁለተኛው «ገና ነን?» የሚል ጥያቄ። ሦስተኛው ባትሪ መሙያ ፍለጋ። አራተኛውና የመጨረሻው፣ የሹራቡን ኮፍያ እስከ ቅንድብ ድረስ ስቦ ዝም ማለት ነው። ታዳጊ ሀ አራተኛው እርከን ላይ የደረሰው ለገጣፎ ሳይታለፍ ስለነበረ መለኪያው ለቀሪው መንገድ ጠቦ ተገኝቷል።

የጉዞው ቀን አመራረጥ ማብራሪያ ይሻል። ሚያዝያ 27 ሰኞ ላይ ሲውል ቅዳሜው ሚያዝያ 25 ይሆናል። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። እንግዲህ ሮም ቅዳሜ ፈርማ ሰኞ ትወጣለች ማለት ነው። በመካከሉ 52 ዓመት መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ ለሦስት ቀን ዕረፍት ከዚህ የተስማማ የጊዜ ሰሌዳ ማግኘት አይቻልም። ይህ የአባት ማብራሪያ ነው። እናት ቀኑ የተመረጠው ትምህርት ቤት ስለተዘጋና መንገዱ ሰላም ነው ስለተባለ እንደሆነ ገልጻለች።

የሮም ቅሪት በመንገድ ላይ

ኢትዮጵያ የሮም ግዛት ሆና አታውቅም። አክሱም ከሮም ጋር ተገበያይታለች፤ አምፊቲያትር የሚያስቀር ዝምድና ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ የሮምን ፍርስራሽ ፍለጋ ወደ ወሎ መንዳት ሲያዩት የማያስኬድ ነገር ነው። ይሁንና ሮም ዘግይታም ቢሆን መጥታለች፤ የመጣችባቸውም ምልክቶች ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው ከ400 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጉዞ ላይ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ተራራውን በስተው ያሳለፉት መንገድ ነው። መኪናው ወደ ዋሻው ሲቃረብ አባት ፍጥነት እንዲቀነስ ሾፌሩን ጠየቀና «ይህን ጣሊያን ነው የሠራው» አለ።

ይህ አባባል ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነው። የኢትዮጵያ አባት ከድልድይ፣ ከዋሻ፣ ከጥርብ ድንጋይ ሕንፃና በአጠቃላይ ካልፈረሰ ማንኛውም ነገር አጠገብ ሲያልፍ ይናገረዋል። ከእሱ አባት ሰምቶታል፤ ያም ከአባቱ ወይም በቀጥታ ከጣሊያኑ። ድምፁ ግማሽ አድናቆት፣ ግማሽ ቁጭት ነው። መልስ አይጠበቅበትም። በዚህ ጉዞ ግን ታዳጊ ሀ ኮፍያውን ገለጥ አድርጎ «ታዲያ ለምን አባረርናቸው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የቀረበው ዋሻው ውስጥ ነው። መልሱ የተጠናቀቀው ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። በመካከሉ ዓድዋ፣ ማይጨው፣ የመርዝ ጋዝ፣ የየካቲት 12 እልቂትና የአርበኞች ተጋድሎ በዝርዝር ተነሥተዋል። ጠያቂው ጆሮ ማዳመጫውን የሰካው ግን መኪናው ገና ከዋሻው ሳይወጣ ነበር።

በዚሁ መሐል ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዝቷል። የቆሎው ገለጻ አጭር ነበር፤ አያት «ብሉ» አሉ። ሁለቱም ታዳጊዎች በሉ፤ እንዲያውም ጨመሩ። አጥኚው በዚያን ጊዜ ነገሩን እንደ ተራ ክስተት መዝግቦ አልፎታል።

ከኮምቦልቻ በኋላ ሾፌሩ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ከፈተ። ታዳጊ ለ አንድ ጆሮዋን ነጻ አውጥታ ጥቂት አዳመጠችና «ይሄ እኮ አምባሰል ነው፤ ከአራቱ ቅኝት አንዱ» አለች። ትምህርቱን ያገኘችው ከዩቲዩብ ነው፤ ትዝታን፣ ባቲንና አንቺ ሆዬንም በኪቦርድ ትለያቸዋለች። አምባሰል ተራራ መሆኑን ግን አልሰማችም ነበር። አባት በተራው አምባሰል ተራራ፣ ወረዳና የጀግና አገር መሆኑን አጥብቆ ያውቃል፤ ቅኝት መሆኑን ሲሰማ ግን «እሱማ በዘፈን» ብሎ አለፈው። አያት ዓይናቸውን ጨፍነው ከዘፈኑ ጋር ያንጎራጉሩ ነበር። የሁለቱን ዕውቀት በአንድ ራስ የያዙት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ያስተዋለ አልነበረም።

ሌላም የሚመዘገብ ነገር አለ። ከደሴ በኋላ በመንገዱ ዳር ተቃጥሎ የዛገ ብረት ነበር። ታዳጊ ሀ «ይሄስ የየትኛው ዘመን ነው?» አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ አልፏል፤ ደሴም ሐይቅም ውጫሌም ቀምሰውታል። አባት ከአዲስ አበባ ጀምሮ ገለጻ ያጣበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው። «የቅርብ ነው» ብሎ ዝም አለ። ሁለቱም ልጆች መስኮቱ ላይ ቀሩ፤ ለረጅም ጊዜም ስልክ ያነሣ አልነበረም። ዝምታ ከገለጻ የተሻለ ያስተምራል የሚል መደምደሚያ ከአንድ ምልከታ አይወሰድም፤ መዝግቦ ማለፍ ግን ተገቢ ነው።

ሐይቅ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ሎጎ፣ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ተኝቷል። አባት ከውኃው ዳር ባለ ዛፍ ሥር ቤተሰቡን ሰብስቦ ገለጻውን ጀመረ። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል። መውጫ ወንዝ የለውም። ከበላዩ ሐርዲቦ የሚባል ታናሽ ሐይቅ አለ። በጉዞው ላይ ስልክ የከለከለው አባት ይህን ሁሉ ያነበበው ከስልክ ነው።

ገለጻው ወደ ታሪክ ሲሸጋገር ከባድ ሆነ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አመሠራረት በትውፊት እስከ ንጉሥ ድልነአድ ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል። ገዳሙን ገዳም ያደረጉት ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። እሳቸው የተማሩት ደብረ ዳሞ ነው። ደብረ ዳሞን የመሠረቱት አቡነ አረጋዊ ደግሞ እንደ ገድላቸው ትውልዳቸው ከሮም ነው። (ይህች ሮም ቁስጥንጥንያን ማዕከል ያደረገችው ምሥራቃዊት ሮም ናት፤ ለዚህ ጥናት ግን ሮም እስከተባለች ድረስ ታገለግላለች።) እንግዲህ በትምህርት የዘር ሐረግ ከተቆጠረ ሐይቅ ላይ የሮም ነገር አለ፤ ጣሊያን ከመምጣቱም ስድስት መቶ ዓመት ይቀድማል። ከሐይቅ ተማሪዎች መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይጠቀሳሉ። በ1270 እንደ ፈረንጆቹ የነገሠው ይኩኖ አምላክም በልጅነቱ እዚሁ እንደተማረ በትውፊት ይነገራል።

በዚህ ጊዜ የተመዘገበው አሰለቻቸት፦ ታዳጊ ሀ አራተኛ እርከን፣ ታዳጊ ለ ሦስተኛ፣ እናት ሁለተኛ።

እናት መጨመሯ አስፈላጊ ነው። የሐይቅ መምህራን «ዓቃቤ ሰዓት» የሚባለውን ታላቅ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ይዘው ለብዙ ዘመን ከነገሥታቱ አጠገብ ቆይተዋል። ቤተሰቡም የራሱ ዓቃቤ ሰዓት አለው፤ መቼ ምሳ እንደሚበላ፣ መቼ ስልክ እንደሚበራ፣ ንጉሡም ንግግሩን መቼ እንደሚያቆም የምትወስነው እናት ናት። «ሰዓቱ ሄደ» ስትል ገለጻው በመሐል ተቋረጠ፤ በሐይቅ ታሪክም ማዕረጉ በተግባር ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ገዳሙ የተተከለው ቀድሞ ደሴት በነበረና አሁን ከየብሱ ጋር በተያያዘ ምድር ላይ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ናሙናው ከመግቢያው ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ወንዶቹ ገቡ፣ እናት፣ አያትና ታዳጊ ለ ውጪ ቀሩ። ከጉዞው ሁሉ እጅግ የሚያስገርመው ለውጥ የታየው በዚህ ቅጽበት ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ አንዱንም ቦታ ለማየት ፍላጎት ያላሳየችው ታዳጊ ለ ገዳሙን ማየት ፈለገች። «ለምን አልገባም?» አለች። አባት «ሥርዓቱ ነው» አለ። «ማን ያወጣው?» አለች። አባት ወደ ገዳሙ ፈጠን ብሎ ገባ። ክልከላ ፍላጎትን ይወልዳል የሚለው ግምት በወላጆች ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጥቅም ላይ የሚያውለው ግን የለም። ቅርሶቻችንን ለታዳጊዎች ማስጎብኘት ቢቀርና መከልከል ቢጀመር የጎብኚው ቁጥር የት በደረሰ ያሰኛል።

ታዳጊ ሀ እንዲገባ ተፈቅዶለት ስለነበረ ወዲያው ሰለቸው። በውስጥ የነበሩት መነኩሴ ይህን አይተው ይሁን ሳያዩ አይታወቅም፣ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነገሩት። በ1280 ወይም በ81 እንደ ፈረንጆቹ የተጻፈ ነው፤ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁ ቀደምት ባለ ሥዕል ብራናዎቻችን አንዱ ሲሆን የአባ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕል አለበት። «የራሳቸው ሥዕል? በራሳቸው መጽሐፍ?» አለ ታዳጊ ሀ። መነኩሴው «አዎን ልጄ» አሉ። ታዳጊ ሀ ኮፍያውን አወረደ። ምን እንዳሰበ ባይናገርም በኋላ ስልኩን ወደ ፊቱ አዙሮ፣ ሐይቁን ከትከሻው በላይ አድርጎ ያነሣው ፎቶ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረ ልማድ ጋር እንደሚገናኝ አጥኚው በመስክ ማስታወሻው ላይ አስፍሯል።

ከዚህ በተጨማሪ ልጁን ያነቃቁት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። በ1520ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ መኖሩን ጽፏል። «ጉማሬ? እዚህ?» ብሎ ወደ ውኃው ዞረ፤ እስከሚመለስም ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ሁለተኛው በ1531 እንደ ፈረንጆቹ የኢማም አሕመድ ሠራዊት እስከ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት የወሰደበት ታሪክ ነው። ቦታው ያኔ ደሴት ነበርና «በምን ተሻገሩ?» አለ። ይህ የጦር ታሪክ ጸሐፊም ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አባት ግን ስለ ዘመኑ የፖለቲካ ሁኔታ ማብራራት በመጀመሩ መሻገሪያው ሳይነገር ቀረ።

ውጪ የቀሩት በዚህ ጊዜ የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ከአያት ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠይቆ፣ ዘመድ ሊሆኑ ጥቂት እንደቀራቸው ከተረጋገጠ በኋላ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ተረከ። ቦታው ጥንት ደረቅ መሬት ነበር አሉ። አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ዋለችባት። እግዚአብሔር ተቆጣና ልዕልቲቱን ከነወዳጅ ዘመዷ በውኃ አሰጠማት፤ ምድሩም ሁሉ ሐይቅ ሆነ። ያቺ ነፍሰ ጡር የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ደሴቱ እሱ ነው።

ታዳጊ ለ ይህን ስትሰማ ጆሮ ማዳመጫዋ ሁለቱም አንገቷ ላይ ነበሩ። ጥቂት አሰበችና «ቆይ፣ ገዳሙ ያለበት ቦታ ማለት ነው? እንግዲያው ቦታው የሴትዮዋ ነዋ» አለች።

ቀዛፊው ሳቀ። እናት ወደ ውኃው ተመለከተች። አያት «ተይ እናቴ፣ እንዲህ አይባልም» ካሉ በኋላ ትንሽ ቆይተው «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ። ወንዶቹ ከገዳሙ ሲመለሱ ጥያቄው ለአባት ቀርቦለታል። አባት ከስልኩ ላይ መልስ ስላላገኘ ጉዳዩ ለቀጣይ ጥናት ተላልፏል። በአጥኚው አስተያየት ከጉዞው ሁሉ ምሁራዊ ክብደት ያለው ሐሳብ ይህ ብቻ ነበር፤ የመጣውም እንዳትገባ ከተከለከለችው ነው።

ምሳ ዓሣ ነበር፤ ጥብስና ጉላሽ። በመለኪያው ላይ አሰለቻቸት ዜሮ ከሆነባቸው ሰዓታት አንዱ ይህ ሲሆን፣ ታዳጊ ሀ ለዓሣው ያነሣው ፎቶ ለገዳሙ ካነሣው ይበልጣል። አባት በዚህ ተስፋ አግኝቶ «ይህንን ዓሣ ጥንት መነኮሳቱ...» ብሎ ሲጀምር አጥኚው ዝም ብሎ ነበር። ሐቁ ግን የተበላው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ የሐይቅ ነባር አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ ተወስዶ የተጨመረ ነው። ታዳጊዎቹ ከሐይቅ ቅርሶች ሁሉ አስበልጠው የወደዱት ከአባታቸው ዕድሜ ብዙም የማይበልጠውን ነው ማለት ነው።

ውጫሌ፣ ማለትም እውነተኛው የሮም ፍርስራሽ

ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደ ሰሜን ተጉዞ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ውጫሌ ደረሰ። ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ ነው ምኒልክና ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙት። ሮም በደቡብ ወሎ ያቆመችው ትልቁ ሕንፃ ይህ ውል ነው። ኮሎሲየም ለመፈራረስ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ድንጋይ ዘራፊና ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። የውጫሌው ውል ግን በ1881 ቆሞ፣ በ1885 ምኒልክ ሰርዘውት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ተንዶ፣ ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ሌላ ውል ፍርስራሹ ተጠርጎ አልቋል። ሮማውያን ከሠሯቸው ነገሮች ሁሉ በዚህ ፍጥነት የፈረሰ ቢኖር ጥቂት ነው። ጎብኚ ግን አይጎርፍለትም፤ ፍርስራሽ የሚወደደው ሌላ ሰው ሲያፈርሰው ነው መሰለኝ።

አባት ጉሮሮውን ጠርጎ «አንቀጽ 17...» አለ። ታዳጊ ሀ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ አንቀጹን፣ የአማርኛውንና የጣሊያንኛውን ልዩነት፣ የተከተለውንም ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ፈተና ላይ መጥቶ ነበርና። አባት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ያሰናዳው ገለጻ ሥራ ፈታ። ከዚያ ታዳጊ ለ «አንቀጽ 16ስ ምን ይላል?» ስትል ጠየቀች።

ጸጥታ ሆነ። ውሉ ሃያ አንቀጽ አለው። አጥኚው ከዚህ ጉዞ በኋላ ሁለት መምህራንን፣ አንድ ጠበቃንና በታሪክ ዕውቀቱ የሚኩራራ አንድ የጽዋ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለ ቀሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ አንቀጾች ጠይቋል። ሁሉም ስለ አንቀጽ 17 አብራርተዋል።

ግሸን፣ ማለትም የመሰላቸት ታሪካዊ መሠረት

ግሸን የተደረሰበት በጣት ነው። ጊዜ ስላልነበረ አባት ከመንገዱ ላይ ሆኖ ወደ አንድ ተራራ ጠቆመና «ያውላችሁ ግሸን» አለ። አያት ከሻንጣዎቹ መሐል «ልጄ፣ እሱ አይደለም፤ ግሸን በዚያኛው ጎን ነው» አሉ። በወጣትነታቸው ለመስከረም 21 በእግራቸው ወጥተውታል፤ የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን፣ የወጡበትን አቀበትና ያደሩበትን ዋሻ አንድ በአንድ ነገሩን። ሁለቱም ታዳጊዎች ሰሙ። ጆሮ ማዳመጫ አልነበረም፤ ትንፋሽም አልተመዘገበም። አጥኚው የቆሎውን ማስታወሻ አውጥቶ ከዚህኛው ጎን ያስቀመጠው ያን ጊዜ ነው።

አያት ያልነገሩት፣ ለጥናቱ ግን ቁልፍ የሆነው፣ የግሸን ሌላው ታሪክ ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጀምሮ እንደሆነ ይነገራል፣ የነገሥታቱ ወንድ ዘር ሁሉ ለዙፋን እንዳይሻማ እዚህ አምባ ላይ እየተወሰደ ይጠበቅ ነበር። በ1540 ግድም እንደ ፈረንጆቹ አምባው በኢማም አሕመድ ሰዎች እጅ እስኪገባ ድረስ ሥርዓቱ ቆይቷል፤ በጎንደር ዘመንም በወህኒ አምባ ቀጥሏል። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እንደ ፈረንጆቹ ለመንገሥ የወረደው ከዚሁ አምባ ነው። ጉዳዩን ከወላጅ ዓይን እንየው። ወጣት ወንዶች፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ትምህርት፣ ንጹሕ አየር፣ ታሪካዊ ቦታ፣ መውጣት ክልክል፣ ከውጭ ጋር መገናኘት ክልክል። የዛሬ ወላጅ ለሦስት ቀን የሚመኘውን መንግሥት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሞክሮታል።

ውጤቱስ? ውጤቱን ለዓለም ያሰማው ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ እንግሊዛዊ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የፖርቱጋላዊውን ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በወጣትነቱ ተርጉሞ ነበርና፣ ቆይቶ በ1759 እንደ ፈረንጆቹ ስለ አበሻው ልዑል ራስላስ ልብ ወለድ ጻፈ። የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች እንደጻፈው ይነገራል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ልዑሉ በተራራ በተከበበ የአማራ ሸለቆ ውስጥ ከንጉሣዊ ወንድሞቹና እኅቶቹ ጋር ይኖራል። ምግቡ፣ ጨዋታው፣ ሙዚቃው፣ መምህሩ ሞልቷል። በሃያ ስድስት ዓመቱ ሰለቸው። መምህሩ ሊመክረው ቢሞክር ምክሩም ሰለቸው። በመጨረሻ ከእኅቱ ጋር ተራራውን በስቶ ወጥቶ ካይሮ ገባ።

እዚህ ላይ ጥናቱ ወደ ዋናው ግኝቱ ይደርሳል። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስማቸው ከገነነ ስልቹ ወጣቶች አንዱ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። የመምህር ገለጻ ያንገፈገፈው፣ ከእኅቱ ጋር የተማከረ፣ ተራራ እስከ መብሳት የደረሰ። ስለዚህ ታዳጊ ሀ በአምባሰል ግርጌ ኮፍያውን ስቦ ሲዘጋ ታሪኩን እየናቀ አይደለም፤ እያስቀጠለ ነው። አባቱ ታሪክ ይነግረዋል፤ እሱ ይኖረዋል። መስቀል በ2013፣ ጥምቀት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግበዋል። የአምባሰል አሰለቻቸትም ሰነዱ ተሟልቶ ይቅረብ የሚል አቤቱታ አጥኚው ለሚመለከተው ሁሉ ያቀርባል። አይዳሰስም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል፤ የመጥፋት አደጋም የለበትም።

የጥናቱ ውስንነትና ማሳሰቢያ

ናሙናው ትንሽ ነው። አጥኚው በዝምድና ተጠርጣሪ ነው። ከሦስቱ ቀናት ሁለቱ በመንገድ ያለቁ ናቸው። ይሁን እንጂ በተደጋጋሚ የታየውን መካድ አይቻልም፤ ልጆቹ የሰለቻቸው ቦታ አንድም አልተገኘም። ቆሎ፣ ጉማሬ፣ የሰጠመችው ልዕልት፣ መሻገሪያው፣ የአያት አቀበት፣ አንቀጽ 16፣ ሁሉም ተሰምተዋል፤ ሁሉም ጥያቄ አስነሥተዋል። የሰለቻቸው በእነዚህ መካከል የነበረው የአባት ድምፅ ነው። አባት ረቂቁን አንብቦ ግኝቱን «አከራካሪ» ብሎታል፤ ከዚያም አከራካሪ ያሰኘውን ምክንያት ለአንድ ሰዓት አብራርቷል።

ጥናቱን በሌላ ቤተሰብ ላይ ለመድገም የሚሹ ወላጆች ወደ ግሸን ቢሄዱ ይመከራል። ንግሡ መስከረም 21 ነው፤ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ስለሚሆን ፈቃድ ከወዲሁ ጠይቁ፤ መኪናም ቀደም ብላችሁ ያዙ። ቦታው ላይ ስትደርሱ ልጆቹን ከሚያውቅ ሰው ጋር አገናኟቸውና፣ እባካችሁ፣ እናንተ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።